የሞተር መጋዝና ጣውላ፦ ክርክሩ የሚምታታው የት ላይ ነው?

አንድ ሰው በሞተር መጋዝ ግንድ እየሰነጠቀ ጣውላ ሲያወጣ የሚያሳይ ቪዲዮ በማኅበራዊ ሚዲያ በወጣ ቁጥር አስተያየቱ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ደን አጥፊ» ይላል። ግማሹ «እንዲህ ከተቻለ ፋብሪካ ምን ያደርጋል?» ይላል። በመንግሥታት ደረጃም ክርክሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንዳንድ አገሮች ሥራውን በሕግ ከልክለዋል፤ ሌሎች ፈቃድ ሰጥተው ያሠሩታል።

ሁለቱም ወገኖች ከመሬት ተነስተው አይናገሩም። ችግሩ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ባንድ ላይ ተጠቅልለው መቅረባቸው ነው። ዛፉ በማን ፈቃድ ተቆረጠ? ግንዱ በምን ተሰነጠቀ? ጣውላው ከዚያ በኋላ እንዴት ተያዘ? ለመጀመሪያው ጥያቄ መጋዙን መውቀስ ብዙም አያስኬድም። ሁለተኛው በስሌት የሚመለስ ነው። ሦስተኛውን ደግሞ ብዙ ሰው ጨርሶ አያነሳውም፤ ትልቁ ብክነት ያለው ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

መቁረጥና መሰንጠቅ አንድ አይደሉም

የሞተር መጋዝ፣ ብዙዎች ቼይንሶ የሚሉት፣ የተሠራው ለመቁረጥ ነው፤ ዛፍ ለመጣል፣ ቅርንጫፍ ለመመልመል፣ ግንድ ለመከርከም። ጀርመናዊው አንድሪያስ ሽቲል በኤሌክትሪክ የሚሠራውን በ1926፣ በቤንዚን የሚሠራውን በ1929 አወጣ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ የምናየውን ዓይነት ሰንሰለት ያመጣው በ1940ዎቹ አሜሪካዊው ጆሴፍ ኮክስ ነው። እንጨት የሚቦረቡር የጥንዚዛ እጭ በመንጋጋው ግራና ቀኝ ሲበላ አይቶ የሰንሰለቱን ጥርሶች በዚያው መልክ አዘጋጃቸው።

መሰንጠቅ ሌላ ሥራ ነው። መጋዙ ከግንዱ አንድ ጫፍ ተነስቶ በርዝመቱ እስከ ሌላው ጫፍ ይጓዛል። ባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ጠፍጣፋ ብረት) ግንዱን አቋርጦ ስለሚተኛ፣ ጥርሶቹ በየደረሱበት የሚጋፈጡት የእንጨቱን ክር ጫፍ ነው። ይህ ከባዱ አቅጣጫ ነው። አንድ ግንድ አቋርጦ ለመከርከም ሰከንዶች ይበቃሉ። አንድ ጣውላ ለማውጣት ግን ሞተሩ በሙሉ ጋዝ ለብዙ ደቂቃ ያለ እረፍት ይሠራል።

ከዚህ የተነሳ የመሣሪያው ምርጫ ይለያል። ጓሮ ውስጥ ቅርንጫፍ የሚቆርጥ 40 ሲሲ መጋዝ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ይግላል፣ ቶሎ ይበላሻል። ሲሲ ማለት የሞተሩ ሲሊንደር ይዘት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ለስንጠቃ ቢያንስ 70 ሲሲ ገደማ፣ ለሰፊ ግንድ ደግሞ 90 ሲሲና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። የሰንሰለቱ ጥርስ የሚሳልበት ማዕዘንም ይቀየራል። ለመቁረጥ 30 ዲግሪ ገደማ የነበረው፣ ለመሰንጠቅ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ፊቱ ለስለስ ያለ ጣውላ የሚወጣው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሌላው ልዩነት አያያዝ ላይ ነው። አንዱ መንገድ በነጻ እጅ መሰንጠቅ ነው፤ ሠራተኛው በግንዱ ላይ መስመር ያሰምርና በዓይኑ እየመራ ይሄዳል። ሁለተኛው «አላስካን ሚል» በሚባል የብረት ማዕቀፍ መጠቀም ነው። ማዕቀፉ ባሩን ግራና ቀኝ ይይዘዋል፤ ከላይ ያሉት ዘንጎች በግንዱ ፊት ላይ ይንሸራተታሉ፤ በዘንጎቹና በባሩ መካከል ያለው ርቀት የጣውላውን ውፍረት ይወስናል። የመጀመሪያው ስንጠቃ ግን ማዕቀፉ የሚንሸራተትበት ቀጥ ያለ ፊት ስለሌለው፣ ቀጥ ያለ ጣውላ ወይም የብረት መሰላል ከግንዱ ላይ ይታሰራል። ያ የመጀመሪያው ፊት ከተጣመመ ቀጥሎ የሚወጡት ሁሉ ይጣመማሉ። በሕዝብ ክርክር ውስጥ ሁለቱ አያያዞች አይለዩም። በውጤት ግን በጣም ይራራቃሉ።

ሰጋቱራው ስንት ነው?

«የሞተር መጋዝ እንጨት ያባክናል» የሚለው ወቀሳ መሠረት አለው። እያንዳንዱ መጋዝ ሲያልፍ የሚበላው ስፋት አለ፤ ያ ስፋት ሰጋቱራ ሆኖ ይቀራል። የሞተር መጋዝ የሚበላው ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ባንድሶ፣ ማለትም እንደ ቀበቶ በሚዞር ቀጭን ምላጭ የሚሰነጥቅ ማሽን፣ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበላል።

ይህን ወደ ጣውላ እንቀይረው። ዙሪያው ተገርዞ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አራት ማዕዘን ግንድ አለን እንበል። 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ እንፈልጋለን። 9 ሚሊ ሜትር በሚበላ የሞተር መጋዝ 12 ጣውላ ይወጣል፤ 99 ሚሊ ሜትር ሰጋቱራ ይሆናል። ከግንዱ ሩብ የሚሆነው መሬት ላይ ቀረ ማለት ነው። በባንድሶ 14 ጣውላ ይወጣል፤ የሚበላው 28 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ላይ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ይተርፋል፤ 15ኛ ጣውላ ሊሆን ትንሽ የቀረው።

አሁን ውፍረቱን 50 ሚሊ ሜትር እናድርገው። ባንድሶው 7 ጣውላ ይሰጣል። የሞተር መጋዙ 6 ጣውላና አንድ 46 ሚሊ ሜትር የሆነ ይሰጣል። ልዩነቱ ጠፋ ለማለት ይቻላል።

ስለዚህ «ያባክናል ወይስ አያባክንም?» የሚለው ጥያቄ የጣውላው ውፍረት ሳይጠቀስ መልስ የለውም። ለድልድይ፣ ለምሰሶ፣ ለወፍራም የጠረጴዛ ፊት የሚሆን እንጨት በሞተር መጋዝ ቢሰነጠቅ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ለኮርኒስ፣ ለሳጥን፣ ለመደርደሪያ የሚሆን ቀጭን ጣውላ ግን በእውነትም ያባክናል። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ሁለቱን ያጣምራሉ። ትልቁን ግንድ ባለበት በሞተር መጋዝ ለሁለት ወይም ለአራት ይከፍሉታል፤ ቀጭኑን ሥራ ወደ ባንድሶ ይወስዱታል።

ሰጋቱራ ደግሞ ከብክነቱ የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። በነጻ እጅ የተሰነጠቀ ጣውላ አንዱ ጫፉ 25፣ ሌላው 35 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። አናጺው እኩል ለማድረግ መላጊያ ውስጥ ሲከተው፣ ትርፉ ውፍረት ሁሉ ፍቅፋቂ ሆኖ ይወጣል። መሃሉ ላይ ቀጥኖ የወጣ ቦታ ካለ ደግሞ ጣውላው በሙሉ ወደዚያ ልክ ይወርዳል። በእኔ ግምት በዚህ መንገድ የሚጠፋው እንጨት በመጋዙ ስፋት ከሚጠፋው አያንስም። ይህ ብክነት የሚመጣው ከሞተሩ ሳይሆን ከማዕቀፍ እጦትና በአግባቡ ካልተሳለ ሰንሰለት ነው።

ስለ መሳል ሁለት ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በአንድ በኩል ያሉት ጥርሶች ከሌላው በኩል ካጠሩ ወይም ከደነዙ መጋዙ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፤ ጣውላው ይሞገጋል። ሰንሰለቱ ሲደነዝ ደግሞ የሚወጣው ነገር ይለወጣል። ፍርፋሪው እንደ ዱቄት ይደቅቃል፣ ሠራተኛው ይገፋል፣ እንጨቱ ይጨሳል። በስንጠቃ ሥራ ክብ ሞረድ ከእጅ አይለይም።

ግንዱ የት ነው ያለው?

ባንድሶ ይህን ያህል የሚሻል ከሆነ ለምን ሁሉም አይጠቀምበትም? አንዱ መልስ ዋጋ ነው። ሁለተኛው ክብደት ነው። ውፍረቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ ግንድ ይዘቱ 0.85 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ያልደረቀ እንጨት በሜትር ኩብ አንድ ቶን አካባቢ ስለሚመዝን፣ ያ ግንድ ከ800 ኪሎ በላይ ይከብዳል። ዳገት ላይ፣ ገደል ውስጥ ወይም በቤቶች መካከል ከወደቀ ለማውጣት ትራክተርና መንገድ ይጠይቃል። በደን ውስጥ መንገድ መጥረግ ደግሞ ራሱ ጉዳት አለው፤ ሌሎች ዛፎች ይወድቃሉ፣ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ጎርፍ ይከተላል።

የሞተር መጋዝ ይህን ይገለብጠዋል። መሣሪያው ወደ ግንዱ ይሄዳል። ጣውላው በሰው ትከሻ ይወጣል። በነፋስ የወደቀ፣ በበሽታ የሞተ፣ ለመንገድ ሥራ ሲባል የተቆረጠ ዛፍ ያለዚህ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ማገዶ ይሆናል ወይም እዚያው ይበሰብሳል። ከእንዲህ ያለ ግንድ ሩቡ ሰጋቱራ ቢሆንም እንኳ ሦስት ሩቡ ተርፏል። እዚህ ላይ የሞተር መጋዝ ደጋፊዎች ልክ ናቸው።

ተቃዋሚዎቹ የሚመልሱትም ክብደት አለው። መንገድ የማያስፈልገው መሣሪያ ማንም ሳያየው ይሠራል። ጥበቃ ወደማይደርስበት ደን በጀርባ ተይዞ ይገባል። ያው አንድ ጥቅም ለሌባውም ያገለግላል ማለት ነው። ሕግ አውጪዎችን የሚያስቸግራቸው ይህ ነው።

ጣውላው ለምን ይጣመማል?

«በሞተር መጋዝ የተሰነጠቀ ጣውላ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል» የሚል እምነት በገዢዎች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው። እምነቱ ጥፋተኛውን ስቷል። ጣውላ የሚጣመመው ሲደርቅ ነው። በምንም ይሰነጠቅ በምን፣ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አለመኮማተሩ ነው ጣጣው።

አዲስ በተቆረጠ እንጨት ውስጥ ውኃ በሁለት ቦታ ይገኛል፤ በሴሎቹ ክፍተት ውስጥና በሴሎቹ ግድግዳ ውስጥ። መጀመሪያ የሚወጣው የክፍተቱ ውኃ ነው። እርሱ ሲወጣ እንጨቱ ይቀላል እንጂ መጠኑ እምብዛም አይቀንስም። የእርጥበት መጠኑ ከ30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ግን የግድግዳው ውኃ መውጣት ይጀምራል። መኮማተሩ የሚመጣው ያኔ ነው። የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ ያለው አቅጣጫ፣ ከመሃል ወደ ቅርፊት ካለው አቅጣጫ በግምት እጥፍ ይኮማተራል። በርዝመቱ የሚኮማተረው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ቀለበቶቹን ተከትሎ በጠቅላላው 8 በመቶ የሚኮማተር የእንጨት ዓይነት ብንወስድ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ እስከ 12 በመቶ እርጥበት ሲደርቅ ከስፋቱ 14 ሚሊ ሜትር ያጣል። ጣውላው ከመድረቁ በፊት በር ወይም ጠረጴዛ ከተሠራበት ያ 14 ሚሊ ሜትር ስንጥቅ ሆኖ ይወጣል።

መፍትሔው የታወቀና ርካሽ ነው። የግንዱ ጫፎች እንደተቆረጡ በቀለም ወይም በሰም ይሸፈናሉ፤ ውኃ በጫፍ በኩል እጅግ በፍጥነት ስለሚወጣ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጣውላዎቹ ከመሬት ከፍ ብለው በጥላ ይደረደራሉ። በየድርድሩ መካከል 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው ደረቅ መለያ እንጨቶች በግማሽ ሜትር ርቀት ይገባሉ፤ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር መግጠም አለባቸው። ከላይ ክብደት ይጫናል። ከዚያ መጠበቅ ነው። የአናጺዎች የቆየ ልማድ ለያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይላል። ይህ ግምት ነው፤ እንደ እንጨቱ ዓይነትና እንደ አየሩ ብዙ ያጥራል ወይም ይረዝማል።

የሞተር መጋዝ ጣውላ መጥፎ ስም ያተረፈው በዚህ በኩል ይመስለኛል። ሠራተኛው ገንዘቡን የሚያገኘው ዛሬ ሲሸጥ ነው። ፋብሪካ የማድረቂያ ክፍልና ለመጠበቅ የሚሆን ካፒታል አለው፤ እርሱ የለውም። በተለይ ፈቃድ ከሌለው፣ ጣውላውን ወራት ሙሉ ደርድሮ ማቆየት ማስረጃን ደጅ ላይ እንደማስቀመጥ ነው። እርጥብ እንጨት በችኮላ ይሸጣል፤ ገዢው ሲጣመምበት መጋዙን ይወቅሳል።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። እንደ ባሕር ዛፍ ያሉ ቶሎ የሚያድጉ ዛፎች በግንዳቸው ውስጥ የታመቀ ውጥረት ይይዛሉ። መጋዝ ሲያልፍባቸው ሳይደርቁ ወዲያው ይከፈታሉ፣ ይጎብጣሉ። ለዚህም ቢሆን ምክንያቱ ዛፉ ራሱ ነው።

የሠራተኛው ጆሮ፣ እጅና ሳንባ

በክርክሩ ውስጥ እንጨቱ ሲቆጠር ሰውየው ይረሳል። ይህ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ስንጠቃ ከተራ ቆረጣ በአንዳንድ ነገር የባሰ ነው።

የሞተር መጋዝ ድምፅ 110 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል። በአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም መመዘኛ ያለ መከላከያ 8 ሰዓት መሥራት የሚቻለው በ85 ዴሲቤል ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት በ110 ዴሲቤል የሚፈቀደው ከ2 ደቂቃ ያነሰ ነው። አንዱን ጣውላ ሳይጨርስ ገደቡ አለፈ ማለት ነው።

ንዝረቱም አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው መመሪያ የ8 ሰዓት አማካይ የእጅ ንዝረት ከ5 ሜትር በሰከንድ ካሬ እንዳያልፍ፣ ከ2.5 በላይ ሲሆን ደግሞ አሠሪው እርምጃ እንዲወስድ ያዛል። ይህ ለዓመታት ሲታለፍ የጣት ደም ሥሮችና ነርቮች ይጎዳሉ። ጣቶች በብርድ ይነጣሉ፣ ይደነዝዛሉ፤ ከቆየ ላይመለስም ይችላል። የእንጨት ብናኝንም የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ሰንጣቂው በመጋዙ ላይ ጎንበስ ብሎ ስለሚሠራ ጭሱንም ብናኙንም በቅርብ ይስባል።

ማዕቀፍ እዚህም ያግዛል። ብዙ አደጋ የሚያደርሰው ኪክባክ፣ ማለትም የባሩ ጫፍ አንድ ነገር ነክቶ መጋዙ ወደ ሠራተኛው ሲወረወር የሚፈጠረው፣ የባሩ ጫፍ በማዕቀፍ ሲታሰር በጣም ይቀንሳል። በነጻ እጅ ሲሰነጠቅ ጫፉ ክፍት ነው። በከተማ ዛፍ ውስጥ የተቀበረ ምስማር ወይም ሽቦ ደግሞ ለሰንሰለቱም ለሰውየውም አደጋ ነው።

«ባትሪ ይተካዋል» ለሚሉ

በባትሪ የሚሠሩ መጋዞች ለቆረጣ በጣም ተሻሽለዋል። ለስንጠቃ ግን ስሌቱ ገና አልገጠመም። 90 ሲሲ የሚሆን ሞተር 5 ኪሎ ዋት አካባቢ ኃይል ይሰጣል። በዚያ ኃይል 10 ደቂቃ ለመሥራት 0.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። አንድ ትልቅ የእጅ መጋዝ ባትሪ የሚይዘው 0.3 ገደማ ነው። ካሊፎርኒያ ከ2024 ጀምሮ በአዳዲስ አነስተኛ የቤንዚን ሞተሮች ላይ የጣለችው ገደብም «የቤንዚን መጋዝ ሊቀር ነው» የሚል ወሬ አስነስቶ ነበር። ደንቡ 45 ሲሲና ከዚያ በላይ የሆኑትን መጋዞች አይነካም። ለስንጠቃ የሚሆኑት ሁሉ ከዚያ በላይ ናቸው።

እገዳ ምን ያመጣል?

በዚህ ጉዳይ ብዙ የሚጠቀሰው ምሳሌ ጋና ናት። በ1998 በሞተር መጋዝ ተሰንጥቆ ለገበያ የሚቀርብ ጣውላን በሕግ ከለከለች። እገዳው ግን ገበያውን አላቆመውም። ከዓመታት በኋላም አገር ውስጥ ከሚሸጠው ጣውላ አብዛኛው የሞተር መጋዝ ውጤት ነበር።

ምክንያቶቹ ሲታዩ ከመሣሪያው ውጭ ናቸው። ፋብሪካዎቹ ፊታቸውን ወደ ውጭ ገበያ አዙረው ነበር፤ የተሻለ የሚከፈላቸው እዚያ ነው። ቤት የሚሠራው ሰው ግን ጣውላ ይፈልጋል። ሁለተኛው ምክንያት የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በጋና በተፈጥሮ የበቀለ ዛፍ በገበሬው ማሳ ላይ ቢቆምም የማስተዳደር መብቱ የመንግሥት ነው። ሕጋዊው ድርጅት መጥቶ ቢቆርጠው ለገበሬው የሚተርፈው የተጎዳ ሰብል ሊሆን ይችላል። ሰንጣቂው ግን በእጁ ገንዘብ ይሰጠዋል፣ ወይም ጥቂት ጣውላ ይተውለታል። ገበሬው ለየትኛው እንደሚያደላ ለመገመት አይከብድም።

የእገዳ ደጋፊዎች የሚያነሱት ነጥብ ሳይመዘን መታለፍ የለበትም። ያልተመዘገበ ስንጠቃ ግብር አይከፍልም። ዛፍ ሳይመርጥ ይቆርጣል፤ ለዘር መቅረት የነበረበትም አይቀርም። የደን ጥበቃ ሠራተኛ ቁጥር አነስተኛ በሆነበት ደግሞ፣ ሙሉ እገዳ ለመቆጣጠር ይቀላል ይላሉ፤ መጋዝና ጣውላ የያዘ ሁሉ ጥፋተኛ ነው። የማይዋጥልኝ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው። ፍላጎቱ እስካለ ድረስ እገዳ ጥሩውንና መጥፎውን ሰንጣቂ አንድ ያደርጋቸዋል። ሁለቱም ይደበቃሉ፣ ሁለቱም ይቸኩላሉ። የተደበቀ ሰው ማዕቀፍ አይተክልም፣ ጣውላ አያደርቅም፣ ሥልጠናም አይወስድም። እገዳው አጠፋዋለሁ ያለውን ብክነት ራሱ ያባብሰዋል።

የደቡብ አሜሪካዋ ጉያና የመረጠችው መንገድ የተለየ ነው። ሥራው በፈቃድ ይሠራል። ለሚቆረጠው ዛፍ ቁጥር ያለው መለያ ይሰጣል፤ ግማሹ ጉቶው ላይ ይቀራል፣ ግማሹ ከእንጨቱ ጋር ይጓዛል። ተቆጣጣሪው ጣውላው ከየትኛው ጉቶ እንደመጣ ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው ደንብም፣ ተግባራዊነቱ በተደጋጋሚ ቢራዘምም፣ ወደዚሁ ያዘነብላል። የሚጠይቀው እንጨቱ የበቀለበትን መሬት አቀማመጥ፣ በሕግ መመረቱንና ቦታው ከ2020 መጨረሻ በኋላ አለመመንጠሩን ነው። ደንቡ የሚመለከተው ግን በኅብረቱ ገበያ የሚቀርበውንና ከዚያ የሚላከውን ምርት ነው። አንድ አገር ለውጭ ገበያ የሚሄደውን እንጨት በሰነድ አስተካክሎ የአገር ውስጡን ሊተወው ይችላል። የሞተር መጋዝ ጣውላ ደግሞ በብዛት የሚሸጠው አገር ውስጥ ነው።

ፈቃድም የራሱ ጣጣ አለው። መለያው ሊሸጥ ይችላል፤ በአንድ ፈቃድ ሦስት ዛፍ ሊወጣ ይችላል። ከሁሉ የሚብሰው የጊዜው ጉዳይ ነው። አንድ የወደቀ ግንድ ለመሰንጠቅ አንድ ሁለት ቀን ይበቃል። ፈቃዱ ወራት ከፈጀ፣ ጫፉ የተሰነጠቀና ምስጥ የገባበት ግንድ ይዞ የሚጠብቅ ሰንጣቂ ብዙ አይገኝም። የፈቃድ አሠራር የሚዘረጋ አካል ቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ቁጥር ከማመልከቻ እስከ መለያ የሚወስደው ቀን ነው።